ዋግምት በብርጭቆ

አባቴ ዋግምት አጋሚ፣ የድጎ ጽዮን ሰው፣
ስንቱን የታመመ ጀርባ የዳሰሰው፤
የወይፈን ቀንድ ይዞ፣ ጫፉን ጎርሶ በአፉ፣
ሕመም የሚስብ ሰው በትንፋሹ ትርፉ።
ብርድ የያዘው አራሽ፣ ሸክም ያጎበጠው፣
ከእነብሴ፣ ከሞጣ ቃሬዛ ያመጣው፣
ደጃችን ይተኛል ሸማውን ገልብጦ፤
ቀትር ላይ ይነሣል ወዙ ተለውጦ።

ከጎጣችን ግርጌ ኋላ መንገድ መጣ፤
ድንጋይ መፍጫው ሲጮህ የላም ወተት ታጣ።
አባቴ ዘብ ገባ፣ ደመወዝ አማረው፤
ጠጠር ሲጠብቅ ግን አቧራው ሰፈረው።
ዓመት ሳይሞላው ነው ደረቱ ያፏጨ፤
ድንጋይ መፍጫው ገብቶ ሳንባው ውስጥም ፈጨ።

ሽባባው ወገቡን ይዞ መጣ፣ ተኛ።
አባቴ ቀንድ ጎርሶ ሳበ፤ ሳበ፤ ደግሞ…
«አልቻልሁም፣ ጓደኛ።»
ቀንድ ያለ ትንፋሽ ከአጥንት ምን ለየው?
ከምሰሶው ሰቅሎ ማታ ማታ አየው።

ማርና ነጭ ሽንኩርት፣ ዳማከሴ፣ ጠበል፤
ክታብም ባንገቱ፤ «ይሻል ይሆን?» ስንል
ነርሷ ሰማያዊ ፓፍ ኪሱ ከተተች፤
ሌሊት ስንቴ እሷ ነች ነፍሱን የመለሰች።
ስታልቅበት ግን፣ ሞጣ ድረስ በእግር ነው፤
መንገዱ አላለቀም፤ ጠጠሩ ገና ክምር ነው።

አንድ ሌሊት ዘብ ቤት ፉጨቱ ባሰበት፤
የካምፑ ወጥ ሠሪ ሰምቶ መጣለት።
ላኦ ዡ ነው ስሙ፤ እኛ «አያ ዡ» ያልነው፣
ከጎመን ጥብስ በቀር ሙያ ያላየንበት ሰው።
ሦስት ጣቱን አኖረ ባባቴ እጅ አንጓ ላይ፣
በገና እንደሚቃኝ፣ ወደ ማንም ሳያይ።
ከቆርቆሮ ሣጥን ብርጭቆ ደርድሮ፣
ጥጥ በአልኮል ነክሮ፣ ክብሪቱን ጭሮ፣
እሳት ብልጭ አድርጎ ከብርጭቆው ሆድ ውስጥ
ደፋው ከጀርባው ላይ፤ ቆዳው ሽቅብ ሲያብጥ
አባቴ አወቀው። ሳያይ፣ በጀርባው፤
አርባ ዓመት በሰው ላይ የሠራው ሥራ ነው።
«ዋግምት!» ብሎ ጮኸ።
«ባጓን!» አለ ያም ሰው።
ሌላ ቃል የላቸው፤
በነዚያ በሁለቱ ሲያወጉ ነጋባቸው።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነበር፦
ያ ሰው አፉን ዘግቶ፣ አንዴም ሳይስብ አየር፣
እሳቷ ሳበችለት።
አባቴም አየ። ዝም አለ።
ቀንዱን አሰበ መሰለኝ።

አስሙስ ዳነ ወይ? አልዳነም፤ አልዋሽም።
ያን ሌሊት ቀለለው፤
ሲነጋ ግን ፉጨት ከደረቱ አልሸሸም።
በሌላ ቀን ደግሞ ጥቅል ቅጠል ለኮሰ፣
አሪቲ አሪቲ የሚል፤ ጭሱ ቤት አዳረሰ፤
አባቴ አሳለ፣ አሳለ፤ አያ ዡ ደንግጦ
ጥቅሉን ደጅ ወርውሮ፣
ፓፏን ከኪስ መዞ ሰጠው ተንቀጥቅጦ።

መንገዱ አለቀ፤ ካምፑም ተነቀለ።
አያ ዡ ሊሄድ ሲል አራት ብርጭቆ ሰጠው፤
አባቴም ቀንዱን አውርዶ ለወጠው።
አንዱን ሽባባው ወስዶ አረቄ ጠጣበት፤
ወገቡን አባቴ በሦስቱ አገመለት።

አሁን ፓፍ ሲያልቅበት፣ በሚኒባስ ሞጣ፤
ጧት ሄጄ፣ ከምሳ በፊት ይዤ ስመጣ፣
ትንፋሹን የበላው መንገድ ትንፋሹን ያመጣል፤
ይህን ለማን ልንገር? አስፋልት ምን ይሰማል።

ማታ ማታ አጋሚው እኔ ነኝ፣ ልጅየው፤
«ዝቅ… እዚያ… አትፍራ» ይለኛል ሰውየው።
ብርጭቆው ሳይላቀቅ ጆሮዬን ደቅኜ
አደምጣለሁ ዝም ብዬ፣ ከጀርባው ላይ ሆኜ፦
ድንጋይ መፍጫው አለ። አልቆመም።
ግን ዛሬ
ራቅ ብሎ ነው፤
ከወንዙ ማዶ።