ወፉ የነበረበት ውሃ

ሰኞ ሰርግ የለም፤ ሱቄን ቆልፌ፣
የተዋስኩትን ሌንስ በፎጣ አቅፌ፣
ከቃሊቲ ወዲያ አቃቂን አልፌ፣
አባ ሳሙኤል ስደርስ ጭጋጉ አልተነሣም፣
የከተማው ጠረን ከውሃው አልሳሳም፤
የፋብሪካው ቀለም፣ የቄራው እጣቢ፣
የእኔም ቤት ሳሙና፣ ሁሉም እዚህ ገቢ።

ነገዎ ጠበቀኝ መቅዘፊያ ተደግፎ፣
የጀልባዋን ስንጥቅ በሬንጅ ለጥፎ።
«ጠመንጃ ነው?» አለኝ ሌንሱን እያየ።
«ካሜራ ነው» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየ።
«ለወፍ ግን አንድ ነው፤ ማነጣጠር ያውቃል፣
ከድምፅ ይልቅ ወፍ ዓይን ይጠነቀቃል።»

እምቦጩን ገፋ አድርጎ መንገድ አወጣልን፣
ሐምራዊ አበባው እንደ ሚዜ ቆመልን።
እግሬ ሥር ውሃ ገባ፤ የተቆረጠ ጀሪካን አቀበለኝ፣
በአንድ እጄ እየጨለፍኩ፣ በአንድ እጄ ሌንሱን ያዝኩ።

ሙሽራ ነው እንጂ የለመደው ዓይኔ፦
«ቀና በይ፣ ሣቅ በል፣ ተመልከቱ ወደ'ኔ!»
ሽመላ ግን ቀና በል ቢሉት አይሰማ፣
ጀልባም መሬት አይደል፤ ትንፋሼን ስትሰማ
ትወዛወዛለች።
ትንፋሼን ያዝኩና ጣቴን አሳረፍኩ፤
ልክ ስጫነው የልቤ ምት ሌንሱን ነካው።
ወፉ ሄደ። ቀረ ውሃው።

ደግሞ ሌላ። ደግሞ። ፀሐይ በየረር ጫፍ ወጣች።
ፔሊካን እንደ ሹም ዘወር ብሎ አየኝ፣
ካሜራው እስኪያተኩር ጀርባውን ሰጠኝ።
አባ ኮዳ ብቻ ከቆሻሻው ክምር
ራሰ በራውን ደፍቶ ቆመ፣ ሊነሣ በክብር፤
እሱን ማን ይፈልጋል ብዬ አለፍኩት።
(ኋላ አፈርኩ በዚህ።)

ባትሪው ቀይ ሲሆን ቆጠርኩ፦ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት።
ወፍ ያለበት አራት፤ እሱም አንዱ ጅራት፣
አንዱ ግማሽ ክንፍ፣ ሁለቱ ጭጋግ።
የቀረው ውሃ ነው። ባዶ ውሃ።

ላጠፋቸው ስል «ቆይ» አለ ነገዎ።
እጁን በሱሪው ጠርጎ ካሜራውን ተቀበለ፤
መነጽር የለውም፤ አራቀው፣ አቀረበው።
«ይቺ ዳክዬ ናት።»
«የታለች?»
«ሄደች። ነጠብጣቡን አየሽው? ዳክዬ ልትነሣ ስትል
በእግሯ ትሮጣለች፤ ስድስት ሰባት እርምጃ
የውሃውን ቆዳ እየረገጠች።
ይሄ ደግሞ አንድ ቀዳዳ፣ ዙሪያው ያልተነካ፦
ዓሣ አጥማጇ ወፍ። እንደ መርፌ ገባች፣ እንደ መርፌ ወጣች።
ይሄ አረፋው ጠላቂዋ ናት፤ ያኔ ገና ከታች ነበረች፣
ትንሽ ብትታገሺ ወዲያ ማዶ ትወጣልሽ ነበር።
ይሄ ሰፊው፣ እንደ ጋቢ ጠርዝ የታጠፈው፣
ፔሊካን። ከባድ ነው፤ ውሃው ቶሎ አይረሳውም።»

«ይሄስ?» አልኩት፤
ለጥ ያለ፣ ምንም የሌለበት፣ ሽብሽብ እንኳ።
ብዙ ዝም አለ።
ጀሪካኑን ከእጄ ወስዶ ሁለት ጊዜ ጨለፈ።
«ይሄ እንኳ ያንቺ ጥፋት አይደለም።
እዚህ ጋ ዝይ ታርፍ ነበር፤ አባቴ በሕይወት ሳለ።
ልጆቼ ድምፅዋን አያውቁትም።»

ከዚያ ቀዘፈ። ከመቅዘፊያው ጫፍ ጠብ፣ ጠብ የሚለውን
ስቆጥር ዳር ደረስን።

አሁን ቃሊቲ፣ ሱቄ ግድግዳ ላይ፣
በሁለት ሙሽሮች መሐል፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ከላይ፣
ውሃ ተሰቅሏል፤ ሰባት ነጠብጣብ ያለው።
ጉርድ ፎቶ ፈልጎ የመጣ ሁሉ ይጠይቃል፦
«ምንድነው?»
«ዳክዬ» እላለሁ።
ጠጋ ይላል። ጥጉን ሁሉ ይፈልጋል።
«የታለች ታዲያ?»
መብራቱን አበራለሁ፣ ወንበሩን አስተካክላለሁ።
«ተነሥታለች» እላለሁ።
«ቀና በል፤ ያንተ ተራ ነው።»