የጉንዳኖቹ በር

ሰኔ ነበር። ገበያው ተበትኖ ብቸና ስትጨልም፣
ላንድሮቨር መጣች፣ ጭና አንድ ሳጥን ፊልም።
አንማው አቡጀዲ ሰቀለ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ፤
አንዱን ጫፍ እኔ ያዝሁ፣ ነፋስ እንዳይጎዳ።

መዘውሩን ሲያዞር ዝናብ ጣለ፣ ማንንም ያላራሰ፤
የተጫረ ፊልም ነው፣ ብዙ አገር የደረሰ።
ከዚያ አንዲት ፌንጣ፣ በብርዕ ጫፍ የወጣች፣
እግሯን አጣምራ ቁማ ማሲንቆ የሚመስል መታች።
ድምፅ የለውም። ዝም ያለ ማሲንቆ።
«ይች የኔ ዘመድ ናት!» አለ አዝማሪው ሙጬ ስቆ።

ጉንዳኑ ዘር ሲጎትት፣ እሷ ክር ስትጎትት፣
በጋው ሁሉ አለቀ፣ ሁለት ደቂቃ ሲሞላት።
ከሰማይ ነጭ ወረደ። «ጥጥ ነው» አሉ ሴቶቹ፤
«ዱቄት» አለ ባለወፍጮው። «አመዳይ» አልን እኛ ልጆቹ።

አንኳኳች። በሩ ተከፈተ። ጉንዳኑ ጣቱን ቀሰረ፤
አፉ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ በሩ ተቀረቀረ።
አንማው የፈረንጁን ጽሑፍ አነበበ፤ «በጋ ዘፍነሻል፤ አሁን፣
ይላል፣ እስክስታ ምቺና አሙቂ ክረምትሽን።»

ብቸና ዝም አለች። ሙጬ ሳቁን ዋጠ።
ጠጂቱ፣ ጠላ ሻጯ፣ ብድግ ስትል ነጠላዋ አመለጠ፤
«ቤቶች!» ብላ ጮኸች ለጨርቁ፤ «ኧረ እናንተ ቤቶች!
የመሸበት ይመለሳል? ቤት የእግዜር ነው፣ አይ ፍጥረቶች!»
ከኋላ ወንዶቹ ተቀበሉ፤ «መልስ! አንማው፣ መልስ!»
ቃሉ ሁለት ነው፤ አንዱ ለአፍ፣ ሌላው ለመዘውር የሚደርስ።
አንማው ለአፉ አጣ።

ወደ ኋላ አዞረው። ነጩ ሁሉ ወደ ሰማይ ተሰበሰበ፤
የወደቀችው ተነሣች፤ ደጃፉም ወደ እሷ ቀረበ፤
የተዘጋው ተከፈተ። «እዚያው! እዚያው ላይ አቁመው!»
አቆመው።
መብራት መቼ ይምራል፣ ፊቱ ደርሶ ለቆመው?
ከበሩ መሐል ቡናማ ቀዳዳ ፈላ፣ ሰፋ፣
ጉንዳኑን በላ፣ ጣቱን በላ፤ እንደሚቃጠል ቀንድ ከረፋ።

ያን ሌሊት አንማው በመቀስ ቆርጦ በሙጫ ገጠመ፤
ሙጬም ጠጂቱ ቤት፣ ያለ ሂሳብ፣ እስከ መስከረም ከረመ።

ዓመታት አልፈው፣ ደብረ ማርቆስ፣ አዳራሽ ውስጥ አየኋት፤
ስታንኳኳ። በሩ ሲከፈት። ወዲያው ጨለማው ዋጣት።
መዘውሩን ሌላ ሰው ይዞታል። «ጎደሎ ነው» አለ፣ «ይቅርታ፤
በሩ ሲዘጋ የሚያሳየው የለም፤ የት እንደቀረ እንጃ።»
«ገባች?» ይላሉ ልጆቹ፣ «ገባች ወይ?»
አልመለስሁም። እጄ ግን ተጨብጦ ነበር፣ እንደዚያ ማታ፣
የጨርቅ ጫፍ እንደያዘ።