ሳይለኩ መቁረጥ

በከተራ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ገበያ፣
ሰው በሰው ሲጋፋ በሱቄ መግቢያ፣
ሁለት ልጆች መጡ መዝገብ የታቀፉ፣
የቀሚሱን ብዛት ቆጥረው የሚጽፉ።

ለጥምቀት ያልሆነ ይበጣጠስ ብሎ፣
ያገሬ ሰው ሁሉ ጨርቁን አንጠልጥሎ
እኔ ላይ የፈሰሰው ያን ሰሞን ነው እንጂ!
እነሱ ያቺን ቀን በዓመት አባዝተው ሄዱ፤
ጾም የለ፣ ጭቃ የለ፣ መብራት የጠፋበት ሳምንት የለ፣
አሥራ ሁለቱም ወር ጥር ተባለ።

ሐምሌ ላይ ወረቀቱ ደረሰኝ ከዝናቡ ጋራ።
«ይህ ዝርፊያ ነው!» አልኩኝ ለመምህር ይርዳው፣
ክርኑ ያለቀ ኮት ሊያስጠግን ለመጣው።
ሳቀ። «አንተስ» አለኝ፣ «አይተኸው ነው የምትሰጥ፣
የእኔ ሳልዳስሰው ነው ከላይ የሚቆረጥ።
ግን ልጅህ አዘዞ ፊደል ስትቆጥር
ጠመኔው የማን ነበር?»

ማታ በግንቡ አጥር ሥር ሳልፍ ቃሉን አላመጥኩት፦
ግብር ድሮ ገባሩ ያገባው፣
ግብር ደግሞ ንጉሡ ያበላው፤
ባንዱ በር ማር ሲገባ፣ በሌላው ጠጅ ሲወጣ።
መሐል ላይ ማን እንደላሰ
ድንጋዩ አይናገርም።

ማግስቱን ከፈልኩ፤ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንዳለ።
አቤቱታም ጻፍኩ፦ «እኔ ሰፊው ቢያድግልኝ
በመቀስ አዳሪ ነኝ፣ መቁረጥን አልጠላም፤
ሳይቆረጥ የተሰፋ ልብስ አላየሁም።
ግን ለክታችሁ ቁረጡ፤
በሐምሌ ገላ ላይ የጥር ልብስ አትስፉ።»

ጸሐፊዋ ማኅተም መታችበት።
የእጅጌዋ ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል።
«ነገ አምጪው» አልኳት።