አራት መቶ አሥራ ሰባት

ሐምሌ ነው። ጉማራ የፎገራን ጭቃ ተሸክሞ
ጣና ደጃፍ ያራግፋል።
ሸምሰዲን ሞተሩን ይዟል፣ እንደ ልማዱ ቆሞ፤
ዶክተር ጥሩዘር ትጽፋለች፤ የእኔ እጅ ይሰፋል።

መረቡ ሲሳብ ወጣች፤
ክንድ የምታህል ቢልጫ፣ ጎኗ የነሐስ ሳንቲም የተነጠፈበት ይመስላል፤
አፏን ከፍታ ዘጋች፣ ከፍታ ዘጋች፤
ስድብ ይሁን ጸሎት ማን ያውቃል።

የቅርንፉድ ዘይት ጠብ ባልንበት ባልዲ አስተኛናት፤
ጀልባው ድግስ ያለበት ቤት ሸተተ።
በምላጭ ሆዷን በትንሹ ከፈትኩላት፤
ከጣቴ አንጓ የማይበልጥ ደወል ገብቶ ተከተተ።
ሁለት ስፌት። ቋጠሮው የእናቴ ነው፣ የትራስ ጠርዝ ስትጠልፍ ያየሁት፤
ዩኒቨርሲቲ ማንም አላስተማረኝ፣ እኔም ለማንም አልነገርኩት።

ከጀርባ ክንፏ ሥር ቢጫ ክር ሰካሁ፤
«አራት መቶ አሥራ ሰባት» ይላል፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ስልክ።
ክብደቷን ጠራሁ፣ ርዝመቷን ለካሁ፤
እንቁላል የሞላው ሆዷ መዳፌ ላይ አለ ልክክ።

ውሃ ውስጥ ደግፌ ያዝኳት፣ እስክትነቃ።
መዳፌን ገረፈችኝ በጅራቷ። በቃ።

ደወሉ በየሁለት ደቂቃው ይመታል። ሰው አይሰማውም።
አሥራ አንድ ጆሮ ጣና ውስጥ ሰቅለናል፣ ከባዶ ጀሪካን በታች፤
ከቆራጣ ፊት ለፊት፣ ከዘጌ ማዶ፣ አባይ ከሚወጣበት።
አንዱን ማዕበል ወሰደው። የሌላውን ጀሪካን የሆነች
ሴት ውሃ ስትቀዳበት አየን፤ ጆሮው ግን አልነበረበት።

በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ በአንድ እናወጣቸዋለን፣
አልጌ ለብሰው፣ ቀንድ አውጣ አርግዘው።
ኮምፒውተሩ እስኪያነብ ሸምሰዲን ሱፍ ይፈለፍላል፤
እኔ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ሆዴን ይዤ።

ነሐሴ አሥር፣ ከቆራጣ ፊት፣ አሥራ አራት ጊዜ።
ነሐሴ አሥራ ሁለት፣ ጉማራ አፍ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ሦስት ጊዜ።
ከዚያ ዝም።

ዝም ማለት ወንዙን ወጣች ማለት ነው።
ወይም መረብ ነው። ወይም ባትሪ። ወይም አሞራ።
«ዝምታም መረጃ ነው» ትላለች ዶክተር።
እሷ ምን አለባት፤ ሆዷን የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ኅዳር ሲያልቅ በሽምብጥ በኩል ሳልፍ
አንዲት ልጅ ገመድ ትዘላለች። ጆሮዋ ገና መበሳቱ ነው፤
ቀዳዳው እንዳይደፈን በገባው ክር ላይ
ቢጫ ነገር ይወዛወዛል።
ቀረብ ብዬ አነበብኩት። ጉልበቴ ከዳኝ።

«ማን ሰጠሽ?»
«አባቴ። ከምሳችን ላይ።»

እንድሪስ ሙሔ ደንገል ዘርግቶ ታንኳ ያስራል።
«አዎን፣ በላናት» አለ፣ ቀና ሳይል።
«መስከረም ሃያ ገደማ፣ ከጉማራ አፍ ወዲህ፣ ስትወርድ።
ከስታ ነበር። እንቁላል አገኛለሁ ብዬ ሆዷን ብቀድ፣ ባዶ።
አንድ ነገር ግራ ገባኝ፤ ቆዳዋ ላይ የስፌት ጠባሳ አለ።
ማን ነው የሰፋት? እጁ ደህና ነው።»

ባዶ!
ወጥታለች። ጥላለች። ተመልሳለች።
መንገድ መሐል እንደ እብድ ሳቅሁ፤ ልጅቷ ገመዷን ጣለች።

ኮፍያና ሃምሳ ብር ሽልማት አለው አልኩት፤ ኮፍያውን አሁኑኑ አለኝ።
ደወሉን ከሻማ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከመንጠቆዎቹ መሐል አውጥቶ ሰጠኝ።
ኪሴ ከትቼው ሄድኩ። እዚያም ይመታል፣ በየሁለት ደቂቃው፣
እንደ ሁልጊዜው ማንም ሳይሰማው።

ክሩን ግን ነጂሃ አልሰጥም አለች፣
ጆሮዋን በሁለት እጇ ሸፍና።
ደንቡ መመለስ አለበት ይላል።
ቁጥሩን ገልብጬ ዝም ብዬ ወጣሁ።

ዶክተር ከማታየው የደብተሬ የኋላ ገጽ ላይ፦
ታኅሣሥ ሦስት። ሽምብጥ፣ ዳቦ ቤቱ በር።
አራት መቶ አሥራ ሰባት፣ ስትሮጥ።