አሻራ የለውም

ደምበጫ ከተማ፣ ከኅብረት ሥራው በር፣
አያ ሽታው አንለይ ማልዶ ቆሞ ነበር፤
አንድ ኩንታል ዩሪያ፣ ለሰኔ በቆሎ፣
ጣቱ ላልተነበበ አይሰጥም ተብሎ።

ባንቺአምላክ መዝጋቢዋ በሶፍት ጠርጋ ጠርጋ፣
አምስት ጊዜ ሞከረች መስታወት ላይ አድርጋ።
ቀይ በራ።
ደግሞም ቀይ።
«አባባ፣ አዝናለሁ፣ አሻራ የለዎትም።»
ጣቱን ገልብጦ አየው፣ የሌላ ሰው መስሎት።

እኔ ማሽን አልሰድብ፤ የመምህር ደሞዜ
በስልክ ነው የሚገባ፣ ኔትወርክ ባለ ጊዜ።
ግን የሠራው ባለሙያ የማንን ጣት ለካ?
እርፍ ጨብጦ የማያውቅ፣ ለስላሳ ነው ለካ!

የሽታውን አሻራ የሚፈልግ ካለ
እርፉ ላይ፣ ዶማው ላይ ተፍቆ ነው ያለ፤
ሲሠራ የኖረ ጣት ሰውነቱን ሲያጣ፣
ያልሠራው ቁጥር አገኘ፣ ካርዱንም አወጣ።

ሲወጣ ግን አየሁ፣ ነጩ ጠረጴዛ ላይ
የቀረ መዳፉን፤ አምስት ጣት፣ ቀይ አፈር፣
ለማንም የሚታይ።

ባንቺአምላክ
ሌላ ሶፍት አነሣች።