ግማሽ ዙር

ጥር ነበር። ከአዘዞ ዳገቱን ስጀምር
ጣሪያው ተገልጦ፣ ቬሎው ሲወራጭ በአየር፣
ሙሽራዋ ከጎኔ፣ ሙሽራው ከኋላ
ጉልበቱን አጣጥፎ እንደ ታጠበ አንሶላ፣
የሙቀቱ መርፌ ቀዩን አልፎ ሄደ፣
በኮፈኑ ስንጥቅ እንፋሎት ነጎደ።
አጃቢው ከኋላ ጥሩምባ ሲነፋ
ራዲያተሩ ጠጥቶት ሃይላንዱ ሁሉ ጠፋ፤
አንድ ሚዜ መጥቶ «ጠላ ብንጨምርስ?»
አለኝ፣ ከልቡ ነው። አልሳቅኩም ቤት እስክደርስ።

በማግስቱ ጠዋት በገመድ ጎትተን
አውቶፓርኮ ወረድን፣ ጋሽ ሙሉሰውን ብለን።
ፊያቴን ሲያያት ቀለሟን አላደነቀልኝም፤
(ሰኔ ያስቀባሁበትን ለሚስቴም አልነገርኩም።)
አውራ ጣቱን ሰዶ ማኒኮቶውን ጫነ፣
ጫነና ዝም አለ። ፊቱ እንደ ሐኪም ሆነ።
«ትርንጎ፣ ነይ እዪ!» የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣
ካቻቢቴ በኪሷ፣ ግራሶ ያጠቆረው እጅ።
«ይሄኛው ሙዝ ሆኗል፣ ያኛው ቋንጣ ሆኗል፣»
አለች፤ «ምኑን ተማምኖ ሰው ሙሽራ ይጭናል?»

በቢላ ሰነጠቀው። ላዩ ምንም አይል፣
ጥቁር ነው፣ ያብለጨልጫል፣ አዲስ ነኝ ይመስል፤
ውስጡ ግን ተላልጦ፣ ክሩ ተበጣጥሶ፣
የስንት ክረምት ዝገት እንደ አተላ ለብሶ።
«ጎማ ከውስጥ ያረጃል፤ ውጪውን ስትወለውለው
ይታዘብሃል እንጂ፣ አፍ የለው፣ ምን ይበለው?»

እንደ ሞተ እባብ በፌስታል ቋጥሬ
ከፒያሳ ቅዳሜ ገበያ ዛለ እግሬ።
አንዱ «የውሃ ቱቦ ይሆናል» ይለኛል፣
አንዱ ኩርባውን አይቶ «ይሄስ ጸሎት ያሻዋል»።
በመጨረሻው ሱቅ፣ ከአይሱዙ ዕቃ ክምር ሥር
ኩርባው የሚመስል አምስት ተገኘ፣ በብር ላይ ብር።

«ስድስት ነው፣» አለኝ።
«አምስቱ ይበቃል። ስድስተኛው ትንሽ ነው፣
ከሞተሩ ጀርባ፣ እጅ አይገባበትም፣ ደህና ነው።»
ጋሽ ሙሉሰው ፒንሳውን መሬት አኖረ።
«ስማ። አምስቱ ጠንክረው አንዱ ካረጀ
ግፊቱ የት ይሄዳል?
ቀድሞ ሁሉም ሲልሙ ተካፍለው ይዘውት ነበር።
አሁን ሸክሙ በሙሉ ለዚያ ለደካማው ሊቀር።
አምስቱን አድሰህ እሱን ስትተወው
አንተው ነህ የገደልከው።»

እኛም ቤት ስድስት ነን። ስለ ትንሹ
አልጠየቀኝም እሱ። እኔም አላነሣሁ።

ትርንጎ እጅጌዋን እስከ ብብት ሰብስባ
ቀጭን ክንዷን ሰደደች ከሞተሩ ጀርባ፣
ዓይኗን ጨፍና፣ ሩቅ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው፣
ፋሸታውን በጣት ጫፍ አግኝታ ፈታችው።
ክንዷ ተጭሮ ወጣ፣ ማኒኮቶው ተከተለ፤
«ደህና ነው» ያልኩት እጇ ላይ ለሁለት ተከፈለ።
ምትኩን ጋሽ ሙሉሰው ከግድግዳ ሚስማር አወረደ፤
ለማን እንዳስቀመጠው እንጃ፣ ልክ ሆኖ ሄደ።

ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ አረንጓዴው ፈሳሽ፤
አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ እስኪወጣ
ማሞቂያው ተከፍቶ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ላብ ሦስታችንን እስኪቀጣ።
የከፈልኩትን ሳይቆጥር አጥፎ ኪሱ ከተተው፤
«ነገ ተመለስ፣» አለኝ። «ሞቆ ሲበርድ ጎማው
ቦታውን ይይዛል፣ ፋሸታው ይላላል።
ዛሬ አልጨረስንም። ግማሽ ዙር ይቀራል።»

ማታ ያንኑ ዳገት ብቻዬን ወጣሁት።
መርፌው መሃል ላይ ቆሟል። አምስቴ አየሁት፣
ስድስቴ።
ጎንደር ከላይ መብራቷን አብርታ ነበር፣ አሉ፤
እኔ መርፌውን ነው ያየሁት።

ጠዋት ጋራዡ ሳይከፈት በር ላይ ደረስኩ።
ትርንጎ ካቻቢቴዋን ከኪሷ አወጣች፣
ክንዷ ላይ ጭረቱ ደርቋል።
ከኋላኛው ጀመረች።