ችካል ቁጥር አርባ ሰባት

ማክሰኞ ጠዋት ሱሉልታ፣ ጤዛው ከሣር ሳይነሳ፣
መነጽሩን በሦስት እግር አቁሞ፣ ልጁ መዶሻ አነሳ።
ጨዋ ነው፤ "አባባ" ይለኛል፤ ጭቃው ጫማውን ውጦበት።
ችካሉን የመታው ግን
ድርቆሽ በምከምርበት።

"ለሕዝብ ጥቅም ነው" አለና ቅጽ አወጣ ከቦርሳ፦
ለባሕር ዛፍ ይህን ያህል፣ ለአጥር ይህን፣ ለሣር ካሳ።
"ሕዝቡ የት ሰፈር ነው ልጄ? እኔስ የማን ነኝ?" ብለው፣
አንገቱን ደፋ፤ ይህ ጥያቄ
በቅጹ ላይ ቦታ የለው።

ደበሌ ጎረቤቴ አምና በጥቅምት ፈርሟል፤
"ካሳ መጣ ወይ?" ስለው፣ ጥርሱን ነክሶ ይስቃል፦
"ካሳማ አጎቴ ነበር፤
እሱም ሞቷል።"

ቱቦው ከደጄ ሥር፣ ሜትር ተኩል ይቀበራል፤
ውሃ ነው፤ የላስቲክ ጠርሙስ ሊሞላ ፋብሪካ ይገባል።
ሚስቴ ዲንቄ ጀሪካን ደርድራ
ከአስፋልቱ ዳር ቦቴ ትጠብቃለች፤
አንድ ሌሊት ከሥራችን ሲያልፍ ሰምታ
"ተነስ፣ ድርቆሹን አስገባ፣
ዝናብ መጣ" ትለኛለች።

ብዕር ሰጠኝ።
በብርዱ ደርቆ፣ አልጽፍ አለኝ።
ልጁ መልሶ ተቀበለኝና
በትንፋሹ አሞቀልኝ።